ቤተ እስራኤል እስራኤልን ከገነቡት ይቆጠራሉ ወይስ «የዳኑ» ብቻ ናቸው?

ከበኤር ሼባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የሚከነክነኝን ጥያቄ ላንሳ። በዲያስፖራ ሆነው እስራኤልን ስላቆሙ አይሁዶች ሲወራ የሚጠሩት ስሞች ሁሌ ያው ናቸው። በ1897 ስዊዘርላንድ ባዝል ላይ የጽዮናውያንን ጉባኤ የጠራው የቪየናው ጋዜጠኛ ቴዎዶር ሄርዝል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ የፓሪሱ ባለጸጋ ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ፣ ማንቸስተር የነበረው ኬሚስት ካይም ቫይዝማን፣ ከአሜሪካ የመጣችውና በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ጎልዳ ሜየር። የእኛ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ስም ሲነሳ ግን «በሙሴ ዘመቻ (በ1984 ከሱዳን) የዳኑ»፣ «በሰሎሞን ዘመቻ (በ1991 ከአዲስ አበባ) የመጡ» ከሚለው አያልፍም። እንደ ዕቃ ተጭነው የመጡ ነው የሚመስለው። እኔ ይሄ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ቤተ እስራኤልም ከገነቡት ውስጥ ናቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ታሪክ አንባቢ፦
ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል። ግን መምጣትና መገንባት አንድ አይደለም። በ1882 ሪሾን ለጺዮን የተባለችውን የአይሁዶች የእርሻ መንደር የመሠረቱት ሰዎች ውሃ አጥተው፣ ገንዘባቸው አልቆ ሊበተኑ ሲሉ የደረሰላቸው ሮትሽልድ ነው። ጉድጓድ አስቆፈረ፣ የግብርና ባለሙያ ላከ፣ የወይን ተክል አስመጣ፣ መጥመቂያ አሠራ። በ1948 መጀመሪያ ጎልዳ አሜሪካ ሄዳ ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ሰብስባ ባትመለስ መሣሪያው በምን ይገዛ ነበር? አል ሽዊመርንም አስቡት። አሜሪካዊ የበረራ መሐንዲስ ነው፣ ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት የተረፉ አውሮፕላኖችን ገዝቶ በድብቅ አሻገረ፣ በዚህ የተነሳ አገሩ ላይ ተከሶ ተፈረደበት፣ በኋላ የእስራኤልን የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ የመሠረተው ደግሞ እሱ ነው። ይሄ ሁሉ ሲሆን የእኛ ሰዎች ጎንደር አካባቢ ወለቃና አምቦበር ነበሩ። ከ1948 በፊት ምን ድርሻ ነበራቸው? አንድ ነገር ጥቀስልኝ።

ከበኤር ሼባ፦
እጠቅስልሃለሁ። 1862። በዚያ ዓመት አባ መሃሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ሕዝቡን አስነስተው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ጉዞ ጀመሩ። ሐሳባቸው ቀይ ባሕርን መሻገር ነበር። ትግራይ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው፣ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ፣ የተረፉት ተመለሱ። ሪሾን ለጺዮን ሊመሠረት ገና 20 ዓመት ይቀረው ነበር። ሄርዝል የ2 ዓመት ሕፃን ነበር።

«አልተሳካማ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። በ1882 ከሩሲያ ለእርሻ የመጡት፣ ቢሉ የሚባለው ማኅበር ወጣቶችም እኮ ብዙዎቹ አልቻሉም፣ ጥለው ሄደዋል። እነሱ ግን በእስራኤል ታሪክ ፈር ቀዳጅ ተብለው ነው የሚነበቡት። በዚያው በ1882 የየመን አይሁዶች በራሳቸው ተነስተው ኢየሩሳሌም ገብተዋል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም አጠገቧ ሲልዋን ሰፍረዋል። ስለ እነሱም ብዙ አይወራም። ለምን? ከአውሮፓ ያልመጣ ሰው ሐሳቡ እንደ ሐሳብ ስለማይቆጠር ነው። «ናፍቆት ነበራቸው፣ እምነት ነበራቸው» ይባላል፣ ዕቅድ ነበራቸው ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

የቄስ የልጅ ልጅ፦
እኔ ከ1862 ይልቅ ቅርቡ ላይ ላተኩር፣ ምክንያቱም እሱ ማስረጃውም ሰዎቹም አሉ።

አቶ ዮና ቦጋለን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በልጅነታቸው ለቤተ እስራኤል ትምህርት ይሠራ በነበረው አይሁዳዊ ምሁር በዣክ ፋይትሎቪች በኩል ውጭ ተልከው የተማሩ ናቸው። ተመልሰው በትምህርት ሚኒስቴር ሠሩ፣ ከዚያ ያንን ትተው በየመንደሩ ለወገናቸው ትምህርት ቤት ሲያደራጁ ኖሩ። የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተዋል። በ1955 እና በ1956 ልጆች ተመርጠው እስራኤል አገር ክፋር ባትያ የሚባል የወጣቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ተልከው ተምረዋል፣ ከነሱም ጎንደር ተመልሰው መምህር የሆኑ አሉ። ይሄ እንግዲህ የሙሴ ዘመቻ ከመጀመሩ ወደ 30 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ሰው ሳይዘጋጅ በድንገት አውሮፕላን ላይ የወጣ አይምሰላችሁ።

ፈረደ አክሉም ደግሞ አለ። የትግራይ ተወላጅ፣ መምህር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደርግ ሲፈልገው ሱዳን ገባ፣ ከካርቱም «እኔ እዚህ ነኝ፣ እርዱኝ» እያለ ለውጭ ድርጅቶች ጻፈ። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ሰው ልኮ አገኘው። ከዚያ ብቻውን ኢየሩሳሌም ገብቶ መገላገል ሲችል ወገኖቹን መፈለግ ጀመረ፣ አገር ቤት መልእክት እየላከ «በሱዳን በኩል መንገድ አለ፣ ኑ» አለ። መንገዱን የጀመረው ማን ነው ታዲያ?

ሱዳን ውስጥ ስደተኞቹ በነበሩባቸው ኡም ራኩባና ገዳሪፍ ደግሞ «ኮሚቴ» የምንላቸው የራሳችን ልጆች ነበሩ። እናቴ ስለነሱ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ እስከዛሬ። ቀን ቀን እንደማንኛውም ስደተኛ ይንቀሳቀሳሉ፣ ማታ በየድንኳኑ እየዞሩ ማን እንደታመመ፣ ማን ሕፃን እንደያዘ፣ ማን ወላጅ እንደሌለው ይመዘግባሉ፣ የተላከውን ገንዘብ ያከፋፍላሉ። የመሄጃው ሌሊት ሲደርስ ስም የሚጠሩት እነሱ ናቸው። አንድ ሰው ቢጠቁምባቸው የሱዳን ደኅንነት እጅ ይገባሉ፣ የተያዙና የተገረፉም አሉ። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ወደ 8,000 ሰው ሲወጣ መዝገቡን ይዞ የነበረው ማን ይመስላችኋል?

ታሪክ አንባቢ፦
እህቴ፣ ስለ ኮሚቴው ያልሽውን በደንብ ሳልቀበል አላልፍም፣ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ወገንን ማውጣት ነው እንጂ አገር ማቆም አይደለም። አገሪቱ ያኔ 36 ዓመት ሆኗታል። አየር መንገዱ፣ መርከቡ፣ ስለላው፣ ገንዘቡ የመጣው ከመንግሥትና ከውጭ አይሁዶች ነው። በሜይ 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲወጣ እኮ ለኢትዮጵያ መንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል፣ ያንንም ያዋጡት የአሜሪካ አይሁዶች ናቸው። የከፈለና የተከፈለለት እኩል ነው ማለት ይከብደኛል።

ከሜሪላንድ፦
ልጆች፣ እዚህ አሜሪካ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ስለ አሜሪካኖቹ ትንሽ ልጨምር። ገንዘቡ እውነት ነው። ግን በ1974 የተመሠረተው የአሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁዶች ማኅበር ዋና ሥራው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፣ የእስራኤልን መንግሥት ራሱን መጨቅጨቅ ነበር። ማንኛውም አይሁድ እስራኤል ገብቶ ዜጋ እንዲሆን የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ የወጣው በ1950 ነው። ቤተ እስራኤል በዚያ ሕግ መግባት ይችላሉ የተባለው በ1975 ነው፣ ያውም ከእስራኤል ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 «አይሁድ ናቸው» ብለው ከበየኑ በኋላ። 25 ዓመት ሙሉ በሩ ለእኛ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። በሩን ማስከፈት አገር መገንባት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? እስራኤል ለየትኛው አይሁድ ነው የቆመችው የሚለውን ጥያቄ የመለሱት እነዚያ ሰዎች ናቸው፣ በጎንደርም በኒውዮርክም ያሉት።

ከአዲስ አበባ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም «ገነቡ» ስትሉ መሬቱ ባዶ የነበረ ነው የምታስመስሉት። የኢዝራኤል ሸለቆ መሬት ከቤይሩት ባለርስቶች ሲገዛ እዚያ ያርሱ የነበሩ አረብ ጭሰኞች ተነስተዋል። በ1948 ከ700,000 በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ወጥተው አልተመለሱም። ስለ ግንበኞቹ ክብር ስንከራከር ይሄን መዝለል አግባብ አይደለም።

ከበኤር ሼባ፦
ልክ ነህ፣ አንዘልም። እኔ የምኖርባት ከተማ ራሷ እስከ ኦክቶበር 1948 የአረቦች ከተማ ነበረች፣ የድሮው ሰፈር ውስጥ መስጊዱ አሁንም ቆሟል። ወላጆቼ እዚህ ሲመደቡ ግን የማን ቤት እንደነበረ የጠየቃቸውም የነገራቸውም የለም። በሱዳን በረሃ ልጅ ቀብሮ የመጣን ሰው ለ1948 ተጠያቂ ማድረግም አልችልም። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱን ለማንሳት ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም።

ታሪክ አንባቢ፣ ወደ አንተ ልመለስ። ሚኪ ማርከስ የሚባል አሜሪካዊ ኮሎኔል አለ። በ1948 መጀመሪያ መጣ፣ በሰኔ ሞተ። የሞተው ሌሊት ከሰፈር ወጥቶ ሲመለስ ነው፣ ጠባቂው በዕብራይስጥ ሲጠይቀው ማስረዳት አቅቶት የራሱ ወገን ተኮሰበት። ግማሽ ዓመት እንኳ አልቆየም፣ ግን ከአገሪቱ መሥራቾች አንዱ ነው፣ ይገባዋልም። እንግዲህ በሱዳን መንገድና በመጠለያ ጣቢያ ወደ 4,000 የሚሆኑ ሰዎች ሞተዋል። ሲነሱ ሞት እንዳለ ያውቁ ነበር፣ ቀድመው የሄዱት ሰዎች ወሬ ይደርሳቸው ነበር። ለማርከስ የሰጠነውን ስም ለእነሱ የምንከለክለው ዩኒፎርም ስላልለበሱ ነው?

የቄስ የልጅ ልጅ፦
ከመጣን በኋላ ያለውንም አትርሱ። በ1985 ረቢዎቹ «በጥምቀት መልክ ካልነጻችሁ መጋባት አትችሉም» ሲሉ ገና ቋንቋውን ያልለመዱ ሰዎች ኢየሩሳሌም ዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳምንታት አደሩ። በ1996 የለገስነው ደም በድብቅ እየተደፋ መሆኑ ሲታወቅ አደባባይ ወጡ። የቤተ እስራኤልን የጾምና የጸሎት በዓል ሲግድን በ2008 በሕግ የመንግሥት በዓል ያደረገው የነዚህ ሰዎች ትግል ነው፣ ማንም ቸሮ የሰጣቸው አይደለም። አንድ አገር ሕጉ ሲስተካከልም ይገነባል።

ታሪክ አንባቢ፦
ማርከስን ማንሳትህ ጥሩ ነጥብ ነው። 1862ን ግን አሁንም አልቀበልም፣ ያ ታላቅ እምነት ነው፣ አገር ግንባታ አይደለም። ኮሚቴውንና ፈረደን ከሽዊመር ጎን ማስቀመጥ ግን ይቻላል፣ ሁለቱም ሕግ ጥሰው፣ ራሳቸውን አደጋ ላይ ጥለው ሰው ወይም መሣሪያ አሻግረዋል። ልዩነታችን እዚህ ላይ ጠቧል።

ከበኤር ሼባ፦
እኔ 1862ን አልለቅም። ፈረደ በ1970ዎቹ «መንገድ አለ» ብሎ ሲጽፍ ሰው ነቅሎ የተነሳው መንገድ የሚለውን ሐሳብ ከአያቶቹ ስለሰማ ነው። አባ መሃሪን ከዝርዝሩ ካወጣህ የፈረደን መልእክት ለምን እንዳመኑት ማስረዳት አትችልም። እስቲ በዚህ ላይ መልስ ስጠኝ።