የጎረቤት ሽንት ቤትና የውሃ ጉድጓድ፦ ከርሰ ምድር ውሃ ወዴት እንደሚሄድ በምን ይታወቃል? (ሐዋሳ)

ባለግቢው
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ግቢ ውስጥ የእጅ ጉድጓድ ላስቆፍር ነው። የጎረቤት ሽንት ቤት በምሥራቅ በኩል 20 ሜትር ይርቃል። ቆፋሪው «ከሥር ወንዝ አለ፣ ሁሉም ወደ ሐይቁ ነው የሚሄደው» ይላል። እውነት ነው? ፍሳሹ ወደ እኔ ይምጣ አይምጣ ሳልቆፍር ማወቅ ይቻላል?

የታቦር ሥር
ወንዝ የለም። ከከተማው ሥር ያለው በአብዛኛው የሐይቅ ደለል፣ የእሳተ ገሞራ አመድና ፓሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነው፤ ውሃው በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ቀስ እያለ ይጓዛል። የሚከተለውም የመሬቱን ሳይሆን የራሱን ወለል ተዳፋት ነው። ሐይቁ በስተምዕራብ ስለሆነ ጥቅል አቅጣጫው ወደዚያው ነው ቢባል ያስኬዳል፤ በሰፈር ደረጃ ግን አንድ ብርቱ ፓምፕ ያጣምመዋል። ስለዚህ መለካት ነው።

በአንድ መሥመር ያልተሰለፉ ሦስት ጉድጓዶች ምረጥ። ማለዳ፣ ማንም ሳይቀዳ፣ ከአፋቸው እስከ ውሃው ለካ። የአፎቹን የከፍታ ልዩነት በቀያሽ ወይም በቱቦ ውሃ ልክ (ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ) አውጣ። በስልክ ጂፒኤስ እንዳትሞክር፤ ስህተቱ በሜትር ነው፣ የምትፈልገው ልዩነት ግን በሳንቲሜትር።

ለምሳሌ (የአፉ ከፍታ − እስከ ውሃው ያለው ጥልቀት = የውሃው ከፍታ፣ በሜትር)፦
ሀ፦ 100.00 − 9.20 = 90.80
ለ፦ 99.10 − 8.90 = 90.20
ሐ፦ 99.70 − 9.20 = 90.50

90.50 በሀ እና በለ መካከል እኩሌታው ላይ ይወድቃል። ያንን ነጥብ ከሐ ጋር አገናኝ፤ በዚያ መሥመር ላይ ውሃው እኩል ከፍታ አለው። ፍሰቱ መሥመሩን በቀጤ ማዕዘን (በ90 ዲግሪ) አቋርጦ ወደ ለ ይሄዳል። ከመሥመሩ እስከ ለ 60 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 0.30 ÷ 60 = 0.005 ነው።

ሃይድሮ_ደቡብ
አቅጣጫው ብቻ አይበቃም፣ ፍጥነቱም ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ዳርሲ በ1856 ባወጣው ሕግ መሠረት የአፈሩን የማሳለፍ አቅም በተዳፋቱ ታባዛለህ፤ ውጤቱን ውሃ ለሚያልፍበት ክፍተት መጠን ታካፍላለህ። ደቃቅ አሸዋ በቀን 5 ሜትር ቢያሳልፍ፣ ክፍተቱም 0.25፣ ተዳፋቱም ከላይ የወጣው 0.005 ቢሆን፣ ውሃው በቀን 0.1 ሜትር ይሄዳል፤ 20 ሜትሩን በ200 ቀን። ሻካራ አሸዋ በቀን 20 ሜትር ቢያሳልፍ ግን 50 ቀን ብቻ ይበቃዋል፤ ይህ ለጀርም መሞቻ በተለምዶ የሚያዘው ዝቅተኛ ጊዜ ነው። በስንጥቅ መሬት ላይ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ስንጥቅ ብርቅ አይደለም።

ፓምፕ ሲጨመር ውሃው በዙሪያው ዝቅ ይልና በፍሰቱ ከታች በኩል ያለውን ፍሳሽ ሳይቀር ወደ ጉድጓዱ ይስባል። ስለዚህ በየትኛውም አቅጣጫ 30 ሜትር ራቅ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ታችኛው ጫፍም ከከርሰ ምድር ውሃው ወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ይህንን በክረምት መጨረሻ፣ ውሃው ከፍ ሲል አረጋግጥ። ቁፋሮው ግን በበጋ ማብቂያ፣ በየካቲት ይሁን፤ በክረምት የተቆፈረ በበጋ ይደርቃል።

ብዙው ብክለት ደግሞ ከላይ ነው የሚገባው። የጉድጓዱን የላይኛ 3 ሜትር የግድግዳ ቀለበቶች መጋጠሚያ በሲሚንቶ ድፈን፣ ዙሪያውን ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ወለል ሥራ፣ ክዳኑንም አትርሳ።

ባለግቢው
አመሰግናለሁ። ውሃውን አፍልቼ ብጠጣስ?

የታቦር ሥር
ማፍላት ጀርም ይገድላል። ከሽንት ቤት የሚመጣውን ናይትሬትም ሆነ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ የሚሟሟውን ፍሎራይድ ግን አያስወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበዛል። የፍሎራይድ ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ላይ ብዙ ጉድጓድ ይህንን ያልፋል፣ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ገንዘብህን ሳታወጣ ከቅርብ ጎረቤቶች ጉድጓድ በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድተህ ላቦራቶሪ አስመርምር። ካለፈ ለእጥበትና ለአትክልት ቆፍረው፤ ለመጠጥና ለወጥ የቧንቧውን ተጠቀም።