ኑዛዜዬ ይጸና ይሆን?

እንደምን ከረማችሁ ወገኖቼ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ዕድሜዬ 57። ከባለቤቴ ከተፋታን 11 ዓመት ሆነን። ንብረት ተካፍለን ጨርሰናል። ልጅ አልሰጠንም። ያለችኝ አንዲት የጭቃ ቤት ናት።

ቤቷን ከሕፃንነቷ ላሳደግኳት ለእህቴ ልጅ መናዘዝ ፈልጌያለሁ። እናት አባቴ አርፈዋል። ሳልናዘዝ ብሞት ለወንድሞቼና ለእህቴ ትከፋፈላለች። ወንድሞቼ እንደሆኑ ገና በቁሜ ቤቴን በዓይናቸው ይለካሉ!

አምና አንድ ራፖር ጸሐፊ ወረቀት አዘጋጀልኝ። የንስሐ አባቴና አንዲት ጎረቤቴ ፈረሙ። በቃ ተናዘዝኩ ብዬ እፎይ አልኩ። (ለነፍስ መናዘዝና ለቤት መናዘዝ ለየቅል ኖሯል።) ሰሞኑን አንድ የሚያውቅ ሰው ጉዱን ነገረኝ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ አራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ሁለት የሚበቃው አንደኛው ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ነው። ክው አልኩ።

በገዛ እጄ እንዳልጽፈው ዓይኔ ደክሟል፤ መስመር ይጠፋብኛል። አራት ሰው ልጥራ? ጎረቤት ከሰማ ደግሞ ወንድሞቼ በማግስቱ ይሰማሉ። ወይስ ፍርድ ቤት ሄጄ ዳኛ ፊት ላድርገው? በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የአምናውን ወረቀትስ ልቅደደው ወይስ ይቆይ?