ሐኪሙ አዲስ አበባ፣ በሽተኛዋ ጎጃም፦ በቪአር መቆጣጠሪያ ቀዶ ጥገና ይሁን ወይስ አይሁን?

የማርቆስ ልጅ፦ እናቴን በሐሞት ጠጠር ምክንያት ሪፈር ብለዋት፣ እያቃሰተች የአባይን በረሃ አቋርጠን ነው አዲስ አበባ ያደረስናት። ድና ተመልሳለች፣ ተመስገን። ግን ያን መንገድ አልረሳውም። አሁን የቪአር መነጽር (ዓይን ላይ ታስሮ በኮምፒውተር የሚመጣ ምስል እንደ እውነተኛ ቦታ የሚያሳይ) አድርጎ፣ መቆጣጠሪያውን በሁለት እጁ ይዞ ሮቦት የሚያዝ ሐኪም አየሁ። እጁን ሲያዞር የሮቦቱም ክንድ ይዞራል። በፈረንጆቹ 2001 ኒውዮርክ የተቀመጡ ሐኪሞች ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የተኛች የ68 ዓመት ሴት የሐሞት ከረጢት በሮቦት አውጥተዋል። ያኔ ከተቻለ ዛሬ ለእኛ ምን ያግደዋል?

ነርስ ከፍኖተ ሰላም፦ ወንድሜ፣ እንኳን እናትህ ዳነችልህ። ግን ስትራስቡርግም ሴትዮዋ አጠገብ ሐኪሞች ቆመው ነበር፣ መስመሩ ቢቋረጥ ወዲያው የሚገቡ። እኛ ጋ ማደንዘዣ ማን ይሰጣል? ደሙስ? መብራት ሲጠፋስ? ደም ቢፈስ ሆድ ከፍቶ የሚያቆም ሰው የግድ ነው። ያ ሰው ካለ ደግሞ ሐሞቱን ራሱ ያወጣዋል።

የሶፍትዌር ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦ እኔ በቪአር መቆጣጠሪያ ሠርቻለሁ። ጥሩ ጎን አለው፤ እጅህ 5 ሴንቲ ሲሄድ መሣሪያው 1 ሴንቲ ብቻ እንዲሄድ ማድረግ፣ የእጅ መንቀጥቀጥንም ማጣራት ይቻላል። ግን መቆጣጠሪያው ይነዝራል እንጂ ሥጋው ምን ያህል እንደተወጠረ አይነግርህም። እጅህን የሚከታተለው ካሜራ ከተከለለ ደግሞ እጅህ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ጌም ላይ ብትሸነፍ እንደገና ትጀምራለህ፣ እዚህ የሰው አንጀት ነው። መዘግየቱም አለ፤ እጅህ ተንቀሳቅሶ ሮቦቱ ሲታዘዝ በምስሉ እስክታየው ጊዜ ይወስዳል። በ2001ዱ ቀዶ ጥገና ለዚሁ በተዘጋጀ የፋይበር ኢንተርኔት መስመር እንኳ 155 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነበር፣ የእኛን ኔትወርክ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የማርቆስ ልጅ፦ እህቴ፣ ያልሽው እውነት ነው። ግን «ሰው እስኪሠለጥን» ሲባል ስንት ዓመት እንጠብቅ?

ነርስ ከፍኖተ ሰላም፦ እየሠለጠነ እኮ ነው! ከ2009 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ እየተማሩ ነው። ወረዳ ላይ ምጥ ለጠናባት እናት የሚደርሱት እነሱ ናቸው። መነጽሩን ለእነሱ ስጧቸው። ቢላው በእነሱ እጅ ይሁን፣ ስፔሻሊስቱ ከአዲስ አበባ እያየ «እዚህ ጋ ተጠንቀቅ» ይበል። ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

የማርቆስ ልጅ፦ ይሄንስ ዛሬውኑ ይጀመር። የሮቦቱን ነገር ግን አልተውኩም፤ ፋይበሩና ጄኔሬተሩ በተሟላበት ሆስፒታል፣ ቀዶ ሐኪም አጠገቡ ቆሞ ይሞከር።