ቨርጂኒያ ተራራ ላይ፣ ካምፕግራውንድ በሌለበት ጫካ ማደር፤ ምን ማወቅ አለብን?

ሳባ_ኖቫ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜና እሁድ ስምንት ሆነን ከአሌክሳንድሪያ ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ናሽናል ፎረስት (የመንግሥት ደን) ልንወጣ አስበናል። ዓርብ ሄደን እሁድ እንመለሳለን። ሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ ውስጥ ያሉት ካምፕግራውንዶች (የተዘጋጁ የድንኳን ቦታዎች) ተይዘው አልቀዋል። ናሽናል ፎረስት ውስጥ ግን ቦታ ሳይያዝ፣ ሳይከፈል፣ የትም ድንኳን መትከል ይቻላል ሲባል ሰማን። እውነት ነው? የምንሄደው በአንድ ካምሪ ሃይብሪድና በአንድ ሃይላንደር ነው። ከመካከላችን ድንኳን ውስጥ አድረው የሚያውቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቧንቧና መጸዳጃ ባለበት ነው። ቦታው እንዴት ይገኛል? ውሃና መጸዳጃስ? ድብስ? እሳት አንድደን ጥብስ መጥበስና ቡና ማፍላት ይፈቀድልናል? አንዱ ጓደኛችን ደግሞ በግ እዚያው እንረድ እያለ ነው፤ እባካችሁ አንድ በሉት።

ዝግባ፦

የሰማችሁት እውነት ነው። ጆርጅ ዋሽንግተንና ጀፈርሰን ናሽናል ፎረስት በአንድ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ አንድ ላይ ወደ 1.8 ሚሊዮን ኤከር ይሆናሉ። የክልከላ ምልክት ከተለጠፈበት ቦታ በቀር ለስምንት ሰው ፈቃድም ክፍያም የለም። ፈቃድ የሚጠየቀው 75 ሰውና ከዚያ በላይ ሲኮን ነው። ከሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ ጋር ግን አታምታቱት፤ እዚያ ከካምፕግራውንድ ውጭ ለማደር ፈቃድ ግድ ነው፣ እሳት ማንደድም ክልክል ነው።

«የትም» የሚባለውን እንዳለ አትውሰዱት። የምትፈልጉት ሰው አድሮበት የሚያውቅ ቦታ ነው፤ መሬቱ የተደለደለ፣ የድንጋይ ምድጃ ያለው፣ መኪና ከመንገድ ወጣ ብሎ የሚቆምበት። አዲስ መመንጠር አያስፈልግም። ደኑን የሚያስተዳድረው ፎረስት ሰርቪስ የሚያወጣውን «ሞተር ቪሂክል ዩዝ ማፕ» አቬንዛ በሚባለው አፕ ላይ በነጻ አውርዱ። መኪና የሚፈቀድበት መንገድ የትኛው እንደሆነና የትኛው በየትኛው ወር እንደሚዘጋ እሱ ላይ አለ። ሚያዝያ ላይ የጎግል ካርታ «ክፍት» የሚለው መንገድ በር ተቆልፎበት ማግኘት የተለመደ ነው። ከዚያ በሳተላይት ምስል ገላጣ ቦታዎችን ፈልጉና ቢያንስ ሦስት ምልክት አድርጉ። አንድ ቦታ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው በጨለማ ያገኘው ዳገት ላይ ያድራል።

የመንገዱን ቁጥር ሰሌዳም ማንበብ ልመዱ። ቁጥሩ አግድም ከተጻፈ መንገዱ በአብዛኛው ለተራ መኪና የሚጠገን ነው። ቁጥሮቹ አንዱ ከአንዱ በታች ተደርድረው ወደ ታች ከወረዱ መንገዱ ከፍ ላለ መኪና ነው፤ ካምሪዋን እዚያ አታስገቡ። ዛፍ ላይ ሐምራዊ ወይም የአልሙኒየም ቀለም በቁመት የተቀባ ካያችሁ ደግሞ በቨርጂኒያ ሕግ «የግል መሬት ነው፣ አትግቡ» ማለት ነው። ጫካው በግል ይዞታ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ይህን በዋዛ አትለፉት።

ለእናንተ ቅርቡ ማሳኑተን የሚባለው ተራራ ነው። ስለሚቀርብ ግን ዓርብ ከሰዓት ይሞላል። በዌስት ቨርጂኒያ ድንበር በኩል ያሉት ተራሮች ይርቃሉ እንጂ ሰው ይቀንስባቸዋል። የትም ብትሄዱ ዓርብ ከቀትር በፊት ከከተማ ውጡ፤ በኋላ አውራ ጎዳና 66 ላይ ቆማችሁ ነው የሚመሽባችሁ። ኤደንበርግ ወዳለው የሬንጀር ቢሮ በሥራ ቀን ደውላችሁ የትኛው መንገድ እንደተዘጋና የእሳት ክልከላ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። ተራራው ላይ ስልክ አይሠራም። የመንገዱን ቁጥርና የምትመለሱበትን ሰዓት ለሚቀር ሰው ጽፋችሁ ስጡ።

ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ። ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚባል ነፍሳት በዚህ አካባቢ አሽ የሚባለውን ዛፍ ፈጅቶታል፤ የደረቀው እንደቆመ ነው፣ በነፋስም ያለ ማስጠንቀቂያ ይወድቃል። በሚያዝያ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ቅጠል ገና ስላልወጣ የሞተውንና ያለውን በቅጠል መለየት አይቻልም። ልጡን እዩት፤ ተልጦ የነጣ፣ ግንደ ቆርቁር የቀረፈው፣ ልጡ ሲነሳ ከሥሩ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቦይ የሚታይበት ከሆነ ሞቷል። ከእንዲህ ያለ ዛፍ ቢያንስ የቁመቱን አንድ ተኩል ያህል ራቁ። ለኔ ይህ ከድብ ይቀድማል።

ክሪክ_እና_ጎማ፦

በዝግባ ላይ ልጨምር። ብዙ ሃይብሪድ ውስጥ ስኮርት ጎማ የለም፤ ኮምፕረሰርና ማሸጊያ ፈሳሽ ብቻ ነው ያለው። የጫካ መንገድ ጠጠር ጎማን ከጎኑ ይቀድዳል፣ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ በዚያ ፈሳሽ አይዳንም። ዛሬውኑ የካምሪዋን የኋላ ሳጥን ወለል ከፍታችሁ እዩ። ከሌለ ካምሪዋን ጥርጊያው ጥሩ በሆነበት አቁማችሁ ሰውና ዕቃ በሃይላንደር አመላልሱ። ውሃውንም ሃይላንደር ላይ ጫኑ፤ ካምሪ አራት ሰውና ውሃ ከያዘች ሆዷ ድንጋይ ይነካል።

ፍምና_አመድ፦

በመጀመሪያ ስለ በጉ፤ አይሆንም። ደምና ፈርስ ከክረምት እንቅልፉ የነቃ የተራበ ድብ ይጠራል፣ ሥጋውንና ዕቃውን የምታጥቡበት ውሃም የላችሁም። ሥጋ ቤት አስቆርጡት፣ ቀምማችሁ በዚፕ ላስቲክ በስሱ ዘርጉና አቀዝቅዙት። የቀዘቀዘው ሥጋ ራሱ ለኩለሩ በረዶ ይሆናል፣ ቅዳሜ ማታም ለመጥበስ ይደርሳል። ክትፎውን ቤታችሁ ስትመለሱ ብሉ፤ ኩለር ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በታች ስለመቆየቱ ማንም ዋስ አይሆናችሁም። ዓርብ ማታ ደክማችሁ ስለምትደርሱ ድርቆሽ በቋንጣ ይበቃችኋል፤ ኩለር አይፈልግም፣ በአንድ ድስት ያልቃል።

እሳት ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግ አለ። በቨርጂኒያ ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 30፣ ከጫካ ወይም ከደረቀ ሣር በ300 ጫማ ውስጥ እሳት ማንደድ የሚቻለው ከፎር ፒኤም እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ ነው። ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል፤ እሳቱ ካመለጠ የማጥፊያው ወጪም ይመጣባችኋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዛፉ ገና ቅጠል ስላላወጣ ፀሐይና ነፋስ መሬት ላይ ያለውን ያምናውን ቅጠል በቀን ያደርቁታል። ስለዚህ ቁርስ፣ ምሳና የጠዋት ቡና በጋዝ ምድጃ ነው። ጥብሱ ለማታ ይሁን።

እንጨት ከጓሯችሁ አትውሰዱ፤ ዝግባ የጠቀሰው ነፍሳት ወደ አዲስ ጫካ የሚገባው በማገዶ ነው። በሙቀት የታከመ የሚል ማኅተም ያለበትን የታሸገ እንጨት ግዙ። አንዱ እስር አንድ ሰዓት ተኩል ቢቆይ ነው፤ ለሁለት ምሽት ስምንት ወይም አሥር እስር አስቡ። መሬት ላይ የወደቀ ደረቅ እንጨትም መልቀም ይፈቀዳል፣ የቆመ ግን አይቆረጥም። ስትለቅሙ ጠጉራም ገመድ የመሰለ ሐረግ የተጣበቀበትን ግንድ አትንኩ። ፖይዝን አይቪ ነው፣ ቅጠል ባይኖረውም ያሳክካል። ከተቃጠለ ጭሱ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ያ ሆስፒታል ያስተኛል። ለጉልቻም ከጅረት ውስጥ ድንጋይ አታውጡ፤ ውስጡ ያለው ውሃ ሲፈላ ድንጋዩ ይፈነዳል።

ስታጠፉ አመድ ማልበስ አይበቃም። ውሃ አፍስሱ፣ በአካፋ አማሱ፣ እንደገና አፍስሱ፣ በመጨረሻ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉ። የሚሞቅ ከሆነ አልጠፋም። ለዚህ ብቻ 20 ሊትር ያዙ።

የሸክላ ጀበና ይዞ መሄድ ይቻላል፣ ነበልባል ላይ ካልተጣደ። ፍሙን ወደ ጎን ጎትታችሁ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ መካከል አስቀምጡት። የሞቀ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከጨመራችሁ ይሰነጠቃል።

ክሪክ_እና_ጎማ፦

ጀበናውን ቤት ተዉት፣ የብረት ማፍያ ይዛችሁ ሂዱ። በዚያ መንገድ ላይ የጀበና አንገት ሳይሰበር አይደርስም።

ፍምና_አመድ፦

ጋቢ ውስጥ ጠቅልሎ እግር ሥር የሚይዝ ሰው ካለ ይደርሳል። ድቡን ረስቼው ነበር። ምግብ፣ ቆሻሻ፣ የታጠበ ድስት ሳይቀር፣ የጥርስ ሳሙናና ቅባት በሙሉ ማታ ማታ መኪና ውስጥ ይግባ። መስኮቱ ይዘጋ፣ በሩም ይቆለፍ፤ ድብ የበር እጀታ መክፈት ያውቅበታል። ድንኳን ውስጥ ቆሎ እንኳ አይግባ። አጥንት አትቅበሩ፣ እሳት ውስጥም አትጣሉ፤ በሁለት ላስቲክ አስራችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። የምታበስሉበት ቦታ ከድንኳኑ 60 ሜትር ያህል ይራቅ። ከመኪና ርቃችሁ ካደራችሁ ምግቡን ከመሬት 3 ሜትር ተኩል፣ ከግንዱ ከ1 ሜትር በላይ አርቃችሁ ስቀሉ። ከመጣ አትሩጡ፤ ተሰባስባችሁ ድስት ምቱ፣ መውጫ ተዉለት።

ምንጭ_ውሃ፦

ውሃ፦ ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ፤ ለስምንት ሰው ለሁለት ቀን 64 ሊትር ነው። ለእሳት ማጥፊያውና ለእጅ መታጠቢያው ሲጨመር 26 ሊትር የሚይዘው ጀሪካን አራት ይበቃል። ከጅረት የተቀዳ ውሃ የሚጠጣው አንድ ደቂቃ ከተንተከተከ ወይም በፊልተር ከወረደ በኋላ ነው። የሶየር ዓይነት ፊልተር ከያዛችሁ ማታ ስሊፒንግ ባጋችሁ ውስጥ ይደር፤ አንድ ጊዜ ውስጡ በረዶ ከሠራ ቀዳዳው ይሰፋል፣ መበላሸቱም በዓይን አይታይም።

መጸዳጃ፦ ደንቡ ከውሃ፣ ከመንገድና ከሰፈር 70 ትልልቅ እርምጃ ርቆ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር መቆፈር ነው። ማሳኑተን ላይ ግን አካፋው በሁለተኛው ምት ድንጋይ ያገኛል። ስምንት ሰው በሁለት ሌሊት የሚቆፍረው ጉድጓድም ብዙ ነው። ክዳን ያለው ባልዲ፣ የመቀመጫ ቀለበትና ፈሳሹን የሚያረጋ ዱቄት ያለው ከረጢት ግዙ፣ በሸራ ከልሉት። እርጥብ ሶፍት መሬት ውስጥ አይበሰብስም፣ ከቆሻሻ ጋር ይመለስ።

መዥገር በሚያዝያ ወጥቷል። 0.5 በመቶ ፐርሜትሪን የሚባለውን የመዥገር መድኃኒት ከመሄዳችሁ በፊት ልብሳችሁ ላይ ነፍታችሁ አድርቁ (እርጥቡ ለድመት መርዝ ነው)፣ ማታ ብብትና ከጉልበት ኋላ ተፈታተሹ።

ሳባ_ኖቫ፦

በጣም እናመሰግናለን፤ የበጉ ነገር አብቅቷል። ባለ 30 ዲግሪ ፋራናይት ስሊፒንግ ባግና ቤት ያለንን በአየር የሚነፋ ፍራሽ ልንይዝ ነው። ይበቃል?

ምንጭ_ውሃ፦

ፍራሹ ነው ችግሩ። ውስጡ ባዶ አየር ስለሆነ ሌሊት እንደ ውጭው ይቀዘቅዛል፣ ሙቀታችሁን ከሥር ይወስደዋል። ባጉም ከሥር የተጨፈለቀው በኩል አያሞቅም። ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀቱ በየ1,000 ጫማው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ፋራናይት ስለሚቀንስ፣ አሌክሳንድሪያ 50 ሆኖ ሲያድር 4,000 ጫማ ላይ 35 አካባቢ ይሆናል። ባጉ ላይ የተጻፈው 30 ደግሞ በአብዛኛው የመጨረሻው ወሰን ነው፣ የሚመቸው ወደ 40 ሲጠጋ ነው። ስለዚህ አር ቫልዩው (ከመሬት የሚመጣውን ቅዝቃዜ የሚከላከልበት መጠን) 4 የሆነ የካምፕ ፓድ ግዙ። ካልሆነ ከፍራሹ በላይ ስፖንጅ አንጥፉ፣ በስፖንጁ ላይ ብርድ ልብስ። ጋቢውን ከላይ ከመደረብ ከሥር ማንጠፍ ይሻላል፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ጤዛ ከነካው ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ነው፣ የድንኳኑን ግድግዳ እንዳይነካ አድርጉ። የድንኳኑን የላይ መስኮት ጥቂት ክፍት ተዉ፤ ከተዘጋ ትንፋሻችሁ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ለሙቀት ብላችሁ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ፤ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ተኝታችሁ ይገድላችኋል። የፈላ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግር ሥር ክተቱት።