ከቨርጂኒያ ወደ ጀርመን ልንዛወር ነው፦ ካምፕ ውስጥ ወይስ መንደር?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባለቤቴ አየር ኃይል ውስጥ ነው። ሐምሌ ላይ ጀርመን ወዳለው የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር ወደ ራምስታይን እንዛወራለን። ልጆቼ 5 እና 9 ዓመታቸው ነው። ካምፕ ውስጥ ብንኖር ሁሉም ነገር እንደ አሜሪካ ነው ይሉኛል፣ እንደዛ ከሆነ ግን ለምን እዛ ድረስ እንሄዳለን? መንደር ውስጥ ቤት የተከራያችሁ ካላችሁ ኑሮው እንዴት ነው? የኤሌክትሪክ ምጣዴንስ ልያዘው? ቅዳሜና እሁድ ከልጆች ጋር የት ይኬዳል?

ካይዘርስላውተርን ነዋሪ፦
እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ መንደር ግቡ ነው የምልሽ። የ5 ዓመቱን ልጅ የመንደሩ መዋዕለ ሕፃናት አስገቢው፣ ቋንቋውን ከእናንተ ቀድሞ ይይዘዋል። ቦታ ስለሚጠብ ግን ገና ሳትመጡ ጠይቁ። ቤት ስታዩ ኪችኑ ካቢኔትና ምድጃ እንዳለው አረጋግጡ፣ እዚህ ባዶ ግድግዳ ማከራየት የተለመደ ነው።
ምጣዱን በተመለከተ፣ አሜሪካ የተገዛው በ110 ነው የሚሠራው፣ እዚህ 230 ቮልት ነው። በቀጥታ እንዳትሰኪው፣ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር አለ፣ ግን ለምጣድ ቢያንስ የ2000 ዋት ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ለማንሳት እንኳን ይከብዳል። ከአዲስ አበባ ባለ 220 የሚያመጣልሽ ሰው ካለ ይሻላል። ስትጋግሪ ሌላ ትልቅ ዕቃ አትክፈቺ፣ ብሬከሩ ይወርዳል። መስኮቱንም ወለል አድርገሽ ክፈቺ። እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ ሻጋታ ያወጣል፣ አከራዮች ደግሞ በሻጋታ ቀልድ አያውቁም፣ ቤት ስትለቁ በመያዣ ከሰጣችሁት ገንዘብ ይቆርጡባችኋል።
እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። በዚያ ቀን ሣር ማጨድም ሆነ የመስታወት ጠርሙስ ማጠራቀሚያው ውስጥ መጣል አይቻልም፣ ጎረቤት ይቆጣል። የፕላስቲክ ጠርሙስና ጣሳ አትጣሉ፣ ሱቅ ስትመልሱት ለእያንዳንዱ 25 የዩሮ ሳንቲም ይሰጣችኋል። ልጆቼ ይሄን ሥራቸው አድርገውታል።

ከሽቱትጋርት፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ባለቤትሽ ለወራት ሌላ አገር የሚላክ ከሆነ መጀመሪያ ካምፑን አስቢበት። የኔ ሰው ሲሄድ መንደር ውስጥ ከሁለት ልጅ ጋር ብቻዬን ቀርቼ፣ ማሞቂያው ተበላሽቶ፣ በማላውቀው ቋንቋ ስልክ መደወል ነበረብኝ። በጣም ከበደኝ። ሰው ካወቅሽ በኋላ፣ ከተፈቀደላችሁ፣ መውጣት ትችያለሽ።

ካይዘርስላውተርን ነዋሪ፦
እውነትሽን ነው፣ ባል የሚላክ ከሆነ ነገሩ ይለያል። መንደሩን የመረጠ ሰው ግን መጀመሪያውኑ ከጎረቤት ጋር ይተዋወቅ። እኛ በገባን ሳምንት ቡና አፍልተን ጠራናቸው፣ ዛሬ በረዶ ሲጥል በራችንን የሚጠርጉልን እነሱ ናቸው።

ተጓዥ አባት፦
ስለ መዝናኛው እኔ ልመልስ። ሁሉም ሰው ኖይሽቫንሽታይን ግንብ ሂዱ ይላችኋል። የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ ዳግማዊ በ1869 ያስጀመረው ነው፣ ያምራል፣ ግን ከራምስታይን በጣም ሩቅ ነው፣ በበጋ ደግሞ ሰልፉ ልጅ ያስለቅሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ትሪር የምትባለው ከተማ ትሻላችኋለች፣ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ፖርታ ኒግራ የሚባለው የሮማውያን በር ድንጋዩ በዕድሜ ብዛት የጠቆረ ነው፣ ልጆች ላዩ ድረስ ይወጡበታል። ከዚያ የንጉሥ ቆስጠንጢኖስን አዳራሽ አሳዩአቸው፣ 67 ሜትር ርዝመት አለው፣ ውስጡ አንድም ምሰሶ የለም። ካቴድራሉ ደግሞ የንግሥት እሌኒ ቤተ መንግሥት በነበረበት ላይ እንደተሠራ ይተረካል። መስቀሉን ያስቆፈረችው፣ ደመራ የምንደምርላት እሌኒ ናት! ለልጆቼ ይሄን ስነግራቸው የታሪክ ጉብኝት መሆኑ ቀረና የራሳቸው ሆነ፣ ጥያቄው አላልቅ አለኝ።
ቀጥሎ ኤልትዝ ግንብ። ጫካ መሃል ነው፣ ጦርነት አላፈረሰውም፣ ከ800 ዓመት በላይ በአንድ ቤተሰብ እጅ ነው። ከመኪና ማቆሚያው በጫካው መንገድ በእግር ውረዱ፣ ግንቡ ድንገት ከታች ብቅ ይላል። በኅዳር ስለሚዘጋ ከጥቅምት መጨረሻ በፊት ሂዱ። እንጀራና ቤተ ክርስቲያን ሲናፍቃችሁ ፍራንክፈርት ቅርብ ነው፣ ጤፍም እዛው ታገኛላችሁ።