የላንድ ክሩዘር 79 የኋላ ዲፈረንሻል ይጮሃል፦ ልጠግን ወይስ ዲፍ ሎክ ልግጠም?

የደባርቅ መንገደኛ፦

እንዴት ከረማችሁ? መኪናዬ ላንድ ክሩዘር 79 ፒክአፕ ነው፤ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ። ቤቴ ጎንደር ነው፣ እንጀራዬ ግን ሰሜን ተራራ። ድንኳንና ቀለብ ጭኜ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ እወጣለሁ። አንዳንዴ ብዋሂትን ተሻግሬ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ድረስ እወርዳለሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ችግሩ እንዲህ ነው። አስፋልት ላይ ከ60 ሳልፍ ከኋላ «ውውው» የሚል ጩኸት ይመጣል። ነዳጅ ስረግጥ ይበረታል፣ እግሬን ሳነሳ ይለዝባል። ከኋላ ማርሽ ወደ አንደኛ ስለውጥ ደግሞ ከሥር «ቋ!» ይላል። ከፊት በግራ በኩል፣ ጎማው የሚዞርበት ክብ ኳስ ላይ፣ ጥቁር ቅባት እየፈሰሰ ቸርኬውን አጨማልቆታል።

አንድ መካኒክ የኋላው ኮሮናና ፒኞ (የዲፈረንሻሉ ትልቁና ትንሹ ጥርስ) ይቀየር አለኝ። ጓደኛዬ «ከተፈታ አይቀር ዲፍ ሎክ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል የሚያዞር መቆለፊያ) ግጠምበት፣ 35 ጎማም አድርግበት» ይላል። አንድ ሾፌር ደግሞ «ምን ብር ትበትናለህ፣ የውስጥ ማርሾቹን አስበይዳቸው፣ በነፃ ሎክ ይሆንልሃል» አለኝ። እንግዶች ከመስቀል በኋላ ይገባሉ። ያለኝ ገንዘብ ለሁሉም አይበቃም። ከየቱ ልጀምር?

አባ ግራሶ (አዘዞ)፦

ወንድሜ፣ ሦስት ሰው ጠይቀህ ሦስት መልስ ይዘሃል፤ መኪናው ሥር የገባ ግን አንድም የለም። እስቲ መጀመሪያ ድምፁን እንለየው።

ነዳጅ ስትረግጥ የሚብስ ጩኸት ብዙ ጊዜ የኮሮናና የፒኞ ጥርስ በልክ አለመገናኘት ነው። እግርህን ስታነሳ የሚብስ ቢሆን ኖሮ የፒኞው ኩሽኔታ ላልቷል እልህ ነበር። ረገጥክም አልረገጥክም የማይለወጥ፣ መሪ ስታዞር ግን የሚለወጥ ከሆነ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ዲፈረንሻሉን አታስነካው። ያንተ የመጀመሪያውን ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኩት። ጠርዝ ጠርዙን የተበላ ጎማም ልክ እንዲሁ ይጮሃል። የፊትና የኋላ ጎማዎችን አቀያይርና ድምፁ አብሮ ከሄደ ስማ። ይሄ ከጉልበት በቀር ምንም አያስወጣህም።

«ቋ» ለሚለው ደግሞ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ፣ ዜሮ ማርሽ አድርግና ከሥር ግባ። ካርዳኑን (ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚወስደውን ዘንግ) በሁለት እጅህ ይዘህ ወዲያ ወዲህ አዙረው። ክሮቼራው (የካርዳኑ የመስቀል መገጣጠሚያ) ላይ ክፍተት ካለ ተገኘ ማለት ነው፤ ከሁሉም ርካሹ ጥገና እሱ ነው። ቀጥሎ ካርዳኑ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚታሰርበትን ክብ ብረት ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ትንሽ መዞሩ ያለ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ከተነቃነቀ ግን የፒኞው ኩሽኔታ አልቋል።

አሁን ዘይቱ። መኪናውን ነድተህ ሞቅ ሲል አፍስሰው። የማፍሰሻ ቡሎኑ ማግኔት ካለው ጫፉን በጣቶችህ እሸው። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብናኝ ብቻ ከሆነ ዕድሜ ነው፣ አያስደነግጥም። ጥፍር የሚያህል ስባሪ ወይም ስለታማ ቁራጭ ካገኘህ ግን ያን መኪና ወደ ብዋሂት እንዳታወጣው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ውሃው የሚገባውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው በቀዳዳ አይደለም። አክስሉ ላይ መተንፈሻ አለው። በአቧራና በጭቃ ሲደፈን፣ የጋለው አክስል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ የውስጡ አየር ይኮማተርና ውሃውን በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይፈስ በሚይዘው ላስቲክ) በኩል ይስበዋል። መድኃኒቱ አንድ ሜትር ተኩል የናፍጣ ቱቦ ነው። መተንፈሻው ላይ አስረህ ወደ ላይ፣ እስከ ጭነቱ ሳጥን ድረስ አውጣው። ከዲፍ ሎክ በፊት ይህንን የማያደርግ ሰው ይገርመኛል።

ኮሮናና ፒኞው በእርግጥ ካለቀ ሁለቱን አንድ ላይ ቀይር። ፋብሪካ ውስጥ ተፋጭተው የተጣመሩ ናቸው፤ የአንዱን ከሌላው ጋር ማጋባት አይሆንም። ስንት በስንት እንደሆነ ሻጩን ከማመን ጥርሱን ቁጠር። 37 እና 9 ከሆነ 4.11 ነው፤ ካርዳኑ ያን ያህል ሲዞር ጎማዎቹ አንዴ ይዞራሉ። ሳትፈታም ማወቅ ይቻላል። የኋላ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳና ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው፣ ካርዳኑ ስንት እንደዞረ ቁጠር። አንዱ ጎማ ብቻውን ሲዞር ሁለት ዙሩ እንደ አንድ ስለሚቆጠር፣ ከአራት ትንሽ ካለፈ ያው ነው። ለምን መሰለህ? የፊቱና የኋላው ልዩ ከሆኑ ፎር (አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን) ባስገባህ ቁጥር ሁለቱ አክስሎች ይጓተታሉ፤ የሆነ ነገር እስኪሰበር ድረስ።

ገጠማው ላይ ደግሞ ዓይንህን እንዳትነቅል። መካኒኩ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ክፍተት መለኪያ) ከሌለው አመስግነህ ተነስ። በኮሮናውና በፒኞው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ባብዛኛው ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ነው። ይህንን በጣት ነቅንቆ «ልክ ነው» የሚል ሰው ወይ ነቢይ ነው ወይ ገንዘብህን ፈልጓል። ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብቶ አዙሮ አሻራው የት እንዳረፈ ያሳይህ፤ መሀል ላይ መሆን አለበት። የግራና የቀኝ የኩሽኔታ ክዳኖች እንዳይቀያየሩ ሳይፈቱ በፊት ምልክት ይደረግባቸው። ፒኞው ላይ ሲጠብቅ የሚጨማደድ ቀለበት ካለው ደግሞ አዲስ ይሁን። ሲያልቅ 85 በ90 የዲፈረንሻል ዘይት፣ ጂኤል 5 የተጻፈበትን፣ በመሙያው ቀዳዳ ከንፈር እስኪመጣ ሙላ። መጀመሪያ ላይ ከባድ ጭነት አትጫንበት። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላም ዘይቱን ቀይረው።

ስለ 35 ጎማ። እንዳንተው ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታ አሥር ከመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ጨነቅ 3600 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ስትደርስ የሞተርህ ሲሶ ጎንደር... ይቅርታ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ቀርቷል። አሁን ያለህ ጎማ 32 ኢንች አካባቢ ነው፤ 35 ስታደርግ ማርሹን ዘጠኝ ከመቶ አረዘምከው። ያንን ለማካካስ ኮሮናና ፒኞውን ወደ 4.56 መቀየር ይኖርብሃል፣ ከፊትም ከኋላም። ድንኳንና ሽንኩርት ለሚጭን መኪና ምን አመጣው?

ብየዳው ላይ ክርክር አልገባም። ስትታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ዲፈረንሻል የተሠራው ለዚሁ ነው። ከበየድከው ሊማሊሞ ላይ በየጥምዙ ወይ ጎማው ይፋቃል ወይ አክስሉ ይጠማዘዛል። የተበየደ ማርሽ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ስባሪው ኮሮናው ላይ ሲወድቅ ያየ አይደግመውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ስላላነሳው። የኋላ ሃብህን (ጎማው የሚታሰርበትን መሀል) ተመልከት። የ79 የኋላ አክስል ዘንግ ክብደት አይሸከምም። ክብደቱን የሚሸከመው ሃቡ ነው፣ የአክስሉ ዘንግ ማዞር ብቻ ነው ሥራው። ዘንጉ ከሃቡ ጋር የሚታሰረው በዙሪያው ባሉ ትንንሽ ዳዶዎች ነው፤ ከሥር ሾጣጣ ቀለበቶች አሏቸው። ኮረኮንች ላይ እነዚህ ዳዶዎች ይላላሉ። ምልክቱን ልንገርህ። በዳዶዎቹ ዙሪያ የዛገ ቀይ ዱቄት ታያለህ፣ ወይም ከመሀል ወደ ቸርኬው የሚወርድ ቀጭን የዘይት መስመር። ያንን አይተህ ዝም ካልክ ቡሎኖቹ አንድ ባንድ ይቆረጣሉ። ስትፈታቸው ሾጣጣዎቹ አንወጣም ይሉሃል። በካቻቢቴ አትጎርጉራቸው። የዘንጉን መሀል በናስ መዶሻ ምታው፣ ራሳቸው ዘለው ይወጣሉ። ጋኬቱን አዲስ አድርግ፣ ቅባቱን ከየቡሎኑ ጥረግ፣ በቶርክ ቁልፍ እሰር። ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላ ደግመህ ፈትሸው።

የሽንፋ ሹፌር፦

ጋሼ አባ ግራሶ፣ በሌላው ሁሉ እስማማለሁ። ዲፍ ሎክን ግን እንዲህ አያቃሉት። እርስዎ ስለ ደጋ ድንጋይ ነው የሚያወሩት። እኛ መተማና ቋራ በኩል ዋልካ ነው ያለብን። ሐምሌ ላይ አንዱ ጎማ ከገባ ሌላው እየሳቀ ይቆማል። ኋላ ላይ የኤሌክትሪክ ሎክ ያለው ሀርድ ቶፕ እነዳለሁ፤ ከፋብሪካው ይዞት የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከትራክተር ኪራይ አድኖኛል። ሚስጥሩ ሳትሰምጥ በፊት ማስገባት ነው። ጎማው አራት ዙር ባዶውን ከዞረ በኋላ ብታስገባው ሁለቱንም እኩል ትቀብራለህ። ደረቅ መሬት ላይ ስትወጣ ደግሞ ወዲያው አውጣው።

አባ ግራሶ (አዘዞ)፦

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ለዋልካ ኋላ ላይ ሎክ ያስፈልጋል፤ ከፋብሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ እሰየው። የኔ ክርክር የሚጮኽ ዲፈረንሻል ላይ ሎክ ስለሚገጥም ሰው ነው። አንዱ ጎማ ላይ ሙሉ ጉልበት ሲመጣ የደከመው ነገር ቀድሞ ይሄዳል። የደባርቁ ወንድማችን ደግሞ ክረምቱን ቆሞ ነው የሚያሳልፈው።

ተራ ተመላላሽ፦

አዲስ ኮሮናና ፒኞ ዋጋው ካስደነገጠህ፣ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል ከነቤቱ ፈልግ። የ79 የኋላው ከፊት በኩል ተፈትቶ ሙሉውን ይወጣል። በፋብሪካ ልኩ እንደታሰረ ከገባ የማስተካከል ጣጣው ይቀንሳል። ግን ጨለማ ሱቅ ውስጥ አትግዛ፣ ወደ ፀሐይ አውጣው። ጥርሱ ሰማያዊ መስሎ ከሆነ ያለ ዘይት ሄዶ ጋሏል። አንድ ወገን ብቻ የዛገ ሰረዝ ካለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ከርሟል፤ የሰረዙ ቦታ ሲጮህብህ ይኖራል። ሻጩ በአዲስ ቀለም ቤቱን ከቀባው ደግሞ ምን ሊሸፍን እንደሆነ ጠይቀው። የጥርሱን ቁጥር አንተው ቁጠር፣ «ያው ነው» ሲሉህ አትመን።

የደባርቅ መንገደኛ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሥር ገባሁ። ክሮቼራው በእጄ ቀጭ ቀጭ ይላል። የፒኞው ብረት ወደ ላይና ወደ ታች አይነቃነቅም። ዘይቱ ግን እርስዎ እንዳሉት ቡና በወተት ሆኗል፤ ስባሪ የለውም፣ የላመ ብናኝ ብቻ ነው። መተንፈሻው በጭቃ ድፍን ብሏል። ጎማዎቹን አቀያይሬ ጩኸቱ ቦታውን አልለቀቀም። የፊት ግራውን ግን አልነገሩኝም።

አባ ግራሶ (አዘዞ)፦

ተባረክ፣ የሠራ ሰው እንዲህ ነው የሚጠይቀው።

ክሮቼራውን ቀይር፣ «ቋ» ይሄዳል ብዬ እገምታለሁ። መተንፈሻውን አጽዳና ቱቦውን አውጣው። ዘይቱን በርካሽ ዘይት አንዴ አጥበህ አፍስስ፣ ከዚያ ጥሩውን ሙላ። ስባሪ ከሌለ ጩኸቱ ይህንን ወቅት ሊያልፍልህ ይችላል። ጥርሱ በውሃ ቅባት ሲሠራ ስለከረመ ገጹ ሻክሮ ይሆናል፤ መልሶ ዝም አይልም፣ ግን በአንድ ቀን አይሰበርም። በየሁለት ሳምንቱ ማግኔቱን አይተህ ብናኙ ካልበዛ ገንዘብህን አጠራቅም። ሲበዛ ወይ ጩኸቱ እግርህን ስታነሳም ከመጣ ያን ቀን አቁመው።

የፊት ግራው የበለጠ ያሳስበኛል። የዲፈረንሻሉ ዘይት በውስጠኛው ኦይል ሲል አልፎ ኳሱ ውስጥ ያለውን ግራሶ አቅጥኖታል፤ የሚፈስሰው ሾርባ ያ ነው። ከውጪ ያለውን ላስቲክ ብቻ የሚቀይርልህ ካለ አትክፈለው። ሙሉው ይፈታ፣ የውስጡ ኦይል ሲል ይቀየር፣ የሚያዞረው ኩሽኔታ ከላይና ከታች ይታይ፣ ሞሊብዲነም ያለው ግራሶ ይግባ። ሲገጠም መሪ ክንዱን በተንጠልጣይ ሚዛን ስበው፤ ጎርጎራ የዓሣ ነጋዴዎች የሚይዙት ዓይነት። ላስቲኩ ሳይገባ ለመንቀሳቀስ ከ3 እስከ 6 ኪሎ አካባቢ መሳብ አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ መሪው አስፋልት ላይ ይንቀጠቀጥብሃል።

እስኪሠራ ድረስ ደግሞ ሪዶታ (ዝቅተኛው የጉልበት ማርሽ) ውስጥ መሪውን እስከ ጫፍ አዙረህ ወደ ኋላ አትግፋ። የፊት መገጣጠሚያው የሚሰበረው በዚያ ሰዓት ነው። ብዋሂት ላይ ከሆነ ደግሞ ማን ይደርስልሃል?

የደባርቅ መንገደኛ፦

ገባኝ፣ ጋሼ። ዲፍ ሎኩን ተውኩት። ዳያል ጌጅና ተንጠልጣይ ሚዛን እርስዎ ጋ አለ? ማክሰኞ ጠዋት አዘዞ ልመጣ እችላለሁ።

አባ ግራሶ (አዘዞ)፦

ዳያል ጌጁ አለ። ሚዛኑን አንተ ይዘህ ና፣ የእኔን ጎረቤት ወስዶ አልመለሰም። ኦይል ሲሉን ከመግዛትህ በፊት የሻንሲውን ቁጥር ላክልኝ።