የ1970ዎቹን ኮንሰርቶች በፊልም ለማየት ከየቱ ልጀምር ለምትሉ

የድሮ ኮንሰርት በፊልም ማየት ፈልጋችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ከገባችሁ፣ የኔ ጥቆማ ከ1970ዎቹ ጀምሩ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያኔ የሚቀረፀው በፊልም ነው። አንድ ጥቅል 11 ደቂቃ ገደማ ቀርፆ ያልቃል፤ ካሜራማኑም ዝም ብሎ አያባክነውም። ጥሩ ፊት ካገኘ እዚያው ይቆያል። ዛሬ በየሁለት ሰከንዱ አንግል ሲቀያየር ዓይናችን ለደከመ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ደም ስር ሲገተር፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ሙዚቀኞች በዓይን ሲጠቃቀሱ ታያላችሁ። እኔ የኮንሰርት ፊልም የምመዝነው በዚህ ነው፤ ካሜራው ማየት ያለበትን አይቷል ወይስ አላየም?

አንድ ብቻ ነው የማየው ለሚል ሰው ያለ ምንም ማቅማማት «አሜዚንግ ግሬስ»ን እላለሁ። የሶል ዘፋኟ አሬታ ፍራንክሊን በጃንዋሪ 1972 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ድሮ ሲኒማ ቤት በነበረ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ማታ ዘመረች። የመድረክ ጌጥ የለም፣ የመብራት ጋጋታ የለም። ፒያኖ፣ ኳየር፣ ቄስ ጄምስ ክሊቭላንድ፣ ከዚያ ከወንበሩ የሚነሳ የሚቀመጥ ምዕመን። አሬታ በመዝሙሮቹ መሃል ብዙም አትናገርም። ዓይኗን ጨፍና ትጀምራለች። የፊልሙን ስም የያዘው መዝሙር ላይ ስትደርስ ክሊቭላንድ ፒያኖውን ትተው ይቀመጣሉ፤ ፊታቸውን በመሀረብ ሸፍነው ያለቅሳሉ። በሁለተኛው ማታ ደግሞ አባቷ፣ ሰባኪው ሲ. ኤል. ፍራንክሊን ይገኛሉ። እሷ ፒያኖ ላይ ሆና ትዘምራለች፤ ላቧ ይወርዳል። አባትየው ብድግ ብለው ይመጡና ፊቷን ይጠርጉላታል። መዝሙሩ አይቋረጥም። ይሄን ቦታ ስንቴ መልሳችሁ እንደምታዩት እናንተው ታውቁታላችሁ።

ፊልሙ ለሕዝብ ለመቅረብ እስከ 2018 ለምን ዘገየ ለሚል፣ ምክንያቱ መጀመሪያ ቴክኒካዊ ነበር። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ፖላክ ነበር። ቀረጻ ሲጀመር ጧ የምትደረገዋን ሰሌዳ አልተጠቀሙባትም። ምስልና ድምፅ የሚገጣጠሙት ደግሞ በእሷ ድምፅ ነው። ያለ እሷ የትኛው ምስል ከየትኛው ድምፅ እንደሚሄድ የሚለይ ጠፋ። ድምፁ በዚያው ዓመት በአልበም ወጥቶ ከአሬታ አልበሞች ሁሉ በሽያጭ የሚበልጠው ሲሆን፣ ምስሉ መጋዘን ገባ። በኋላ በዲጂታል ቴክኖሎጂ ገጠሙት፤ አሬታ ግን ፍርድ ቤት ሄዳ እንዳይታይ አሳገደች። ለሕዝብ የቀረበው በ2018፣ እሷ ካረፈች በኋላ፣ በቤተሰቧ ፈቃድ ነው። ፊልሙ ከ90 ደቂቃ በታች ስለሆነ ሁሉንም መዝሙር አይዝም። ካያችሁት በኋላ በ1999 የወጣውን የሁለቱን ማታ ሙሉ የድምፅ ቅጂ ፈልጋችሁ ስሙ። መጀመሪያ የወጣው አልበም ተቆራርጦ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ «ዋትስታክስ»። ዓመቱ ያው 1972፣ ከተማው ያው ሎስ አንጀለስ፣ መንፈሱ ግን ሌላ። ስታክስ የተባለው ሙዚቃ ቤት፣ ዋትስ በተባለው የከተማዋ የጥቁሮች ሰፈር የተነሳው አመፅ ሰባተኛ ዓመት ላይ ኮሊሲየም ስታዲየም ውስጥ ያዘጋጀው ኮንሰርት ነው። መግቢያው አንድ ዶላር ነበር፤ የመጣው ሕዝብ 100,000 ገደማ። እዚህ ካሜራው ከዘፋኙ ይልቅ ሕዝቡን ነው የሚወደው፣ ደግሞም ልክ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር አብዛኛው ሰው ቁጭ ብሎ ያያል። የጥቁሮች መዝሙር የሚባለው ሲጀመር ስታዲየሙ ይነሳል፣ ጡጫ ወደ ላይ ይወጣል። ማንም ምንም አያብራራላችሁም፤ ማብራሪያም አያስፈልገውም። ዘፋኙ ሩፈስ ቶማስ ሮዝ ቁምጣና ካባውን ለብሶ ሲወጣ ሕዝቡ አጥር ዘሎ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል። ሳሩ እንዳይረገጥ ደግሞ ታዟል። ፖሊስ ሳይሆን ቶማስ ራሱ በማይክሮፎን እያባበለና እየቀለደ ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። አንድ ጃንጥላ የያዘ ሰውዬ ብቻ እምቢ ይላል። የቀረውን ራሳችሁ እዩት።

ዋትስታክስን ስትፈልጉ ግን ቅጂውን ለዩ። መጀመሪያ ሲወጣ፣ የስታክሱ ዘፋኝ አይዛክ ሄይስ መጨረሻ ላይ የተጫወተው ዋናው ዘፈኑ በመብት ጉዳይ ተቆርጦ ወጣና በስቱዲዮ በተቀረፀ ሌላ ዘፈን ተተካ። ከ30 ዓመት በኋላ ታድሶ የወጣው ቅጂ እውነተኛውን መጨረሻ መልሶታል። አሮጌው ቅጂ ላይ የመጨረሻው ዘፈን ከስታዲየሙ ጋር አልገጥም ቢላችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ከአፍሪካ ምድር የሚል ሰው ካለ «ሶል ፓወር»ን ይያዝ። በሴፕቴምበር 1974 ኪንሻሳ ላይ፣ የመሐመድ አሊና የጆርጅ ፎርማን የቦክስ ግጥሚያ አጃቢ ሆኖ የተዘጋጀ የሦስት ቀን ፌስቲቫል ነው። ፎርማን ልምምድ ላይ ዓይኑ አካባቢ ተተረተረና ግጥሚያው ወደ ኦክቶበር መጨረሻ ተገፋ፤ ሙዚቃው ግን በቀኑ ተካሄደ። ጄምስ ብራውን፣ ቢ. ቢ. ኪንግ፣ ሚሪያም ማኬባ፣ ሴሊያ ክሩዝ፣ የአገሬው ፍራንኮና ታቡ ሌይ። ፊልሙ ራሱ የወጣው በ2008 ነው። ትዕግስት የሌለው ሰው መጀመሪያው ላይ ሊሰለች ይችላል፤ መድረክ ሲሠራና አዘጋጆች ሲጨቃጨቁ ብዙ ያሳያል። እኔ እሱንም እወደዋለሁ። ቢል ዊዘርስ ብቻውን ከጊታሩ ጋር የሚጫወትበት ቦታ ሲደርስ ግን ስልካችሁን አርቁት። የኮንጎ ሙዚቀኞች ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይገባቸው ነበር፤ ይሄን እንደ ትልቅ ጉድለት ነው የምቆጥረው።

ሮክ ለሚወድ ክርክሩ ሁልጊዜ «ዘ ላስት ዋልትዝ» ወይስ «ላይቭ አት ፖምፔ» ነው። እኔ የመጀመሪያውን አስቀድማለሁ። ዘ ባንድ የተባለው የሮክ ቡድን በኖቬምበር 1976 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ያቀረበው የስንብት ኮንሰርት ነው፤ ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ። የእያንዳንዱን ዘፈን ግጥም ይዞ የትኛው ካሜራ የት እንደሚያነጣጥር አስቀድሞ ጽፎ ገብቷል። ከሁሉ የሚበልጠው ትዕይንት ግን ከዕቅድ ውጭ የተገኘ ነው። መዲ ዋተርስ ሲወጣ ካሜራዎቹ ፊልም እየተቀየረላቸው ነበር። አንዱ ካሜራማን ላስሎ ኮቫክስ ማዳመጫውን አውልቆ ስለነበር አቁም የሚለውን ትዕዛዝ አልሰማም፤ ቀረፀው። ሽማግሌው ብሉዝ ተጫዋች ያለ ምንም መቁረጥ ፊታችሁ ቆሞ ይዘፍናል። በስድስት ካሜራ ቢቀረፅ ይሄን ያህል ኃይል አይኖረውም ነበር። እንግዳው ጊታር ተጫዋች ኤሪክ ክላፕተን ደግሞ ገና ሲጀምር የጊታሩ ማንጠልጠያ ይፈታል፤ የዘ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሮቢ ሮበርትሰን ሶሎውን ቀብ አድርጎ ይቀጥላል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙ ምንም የተፈጠረ አይመስላችሁም።

ቅሬታም አለ። የዘ ባንድ ድራመር ሌቨን ሄልም ፊልሙ ለሮበርትሰን አድልቷል ብሎ በመጽሐፉ ጽፏል። ስታዩት እውነትነት አለው፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ሪቻርድ ማኑኤል የት ሄደ ትላላችሁ። ድምፁም በኋላ በስቱዲዮ ተነካክቷል። ጥሬውን ድምፅ ብቻ ለሚፈልግ ይሄ ደስ አይለው ይሆናል። እኔን አያስቀይመኝም።

ፖምፔ ሌላ ነገር ነው። ፒንክ ፍሎይድ በኦክቶበር 1971 ተመልካች በሌለበት የሮማውያን አምፊቲያትር ውስጥ ይጫወታል። ዳይሬክተሩ አድሪያን ሜበን። ድምፅ ማጣጣም ለሚወድ፣ ለብቻው ማታ መብራት አጥፍቶ ለሚያይ ሰው ከዚህ የተሻለ አልጠቁምም። ከጓደኞች ጋር ለመጨፈር ግን አይሆንም። ድራመሩ ኒክ ሜሰን እየመታ የድራም እንጨት ሲያመልጠውና ምቱን ሳይስት ሌላ ሲያነሳ እዩት። በ2025 በ4ኬ ታድሶ ከአዲስ የድምፅ ሚክስ ጋር ወጥቷል፤ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

ለመጀመሪያ የማልመክረው የሌድ ዜፕሊንን የ1976 ፊልም ነው። ሙዚቃው ጉልበት አለው፤ ግን በየመሃሉ የሚገቡት የምናብ ታሪኮች ኮንሰርቱን ይቆራርጡታል። የጎደሉ ትዕይንቶችንም በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ አስመስለው ነው የሞሉት። የዴቪድ ቦዊ የ1973 የለንደን ኮንሰርት ታሪካዊ ነው፤ ምስሉ ግን ጨለማ ስለሆነ ትንሽ ስክሪን ላይ አትሞክሩት።

ስለ ቅጂ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ጥሩ ፊልም በመጥፎ ቅጂ ይበላሻል። ዩቲዩብ ላይ ያሉ ቁርጥራጮች ለቅምሻ ጥሩ ናቸው፤ ድምፁ ግን ብዙ ጊዜ የታመቀ ነው። አሮጌ ዲቪዲ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ፓል በሚባለው የአውሮፓ ስርዓት የተሠራ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ። በሰከንድ 24 ምስል የነበረው ወደ 25 ስለሚፋጠን ሙዚቃው በ4 በመቶ ይፈጥናል፤ ካልተስተካከለ ድምፁም ከግማሽ ቶን ትንሽ ያነሰ ከፍ ይላል። ጊታር ይዛችሁ አብራችሁ ልትጫወቱ ስትሞክሩ ቅኝቱ እምቢ ይላችኋል። ብሉ ሬይ ላይ ይሄ ችግር ብዙውን ጊዜ የለም። 16 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ፊልም የተቀረፁትን ደግሞ ሰፊ ስክሪን እንዲሞሉ ብለው ላይና ታቹን የቆረጡበት ቅጂ አለ፤ የጊታር ተጫዋቹ ጣት ከታች ከጠፋ እሱ ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር የሆነውን ምረጡ። ቲቪያችሁ ደግሞ እንቅስቃሴ የሚያለሰልስ ማስተካከያ ካለው ፊልሙን እንደ ዜና ስርጭት ያስመስለዋል። ስሙ በየቲቪው ይለያያል፤ አብዛኛውን ጊዜ የምስል ማስተካከያው ውስጥ «ሞሽን» የሚል ቃል አለበት። ፈልጉና አጥፉት።